ከአጥር ማዶ የመጣው

ቦርባላ ስትሞት የተወችው ስጦታ
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ፖስታ፤
በያንዳንዱ ፖስታ ዓመት ተጽፎበት፣
ከዓመቱ ግርጌ ደግሞ ጠባይ ተነግሮበት፦
‹ዝናብ የበዛበት›፣
‹ውርጭ የቀደመበት›፣
‹ጌሌርት ያመመበት›።
እኔ ለካ እዚያ ቤት፣ ከበረዶው ጋራ፣
ከጎርፉና ከድርቁ፣ ይዤ ኖሯል ተራ።

ሥራዋን አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ
ከበር ቆሜ አይቻለሁ፣ ሌሎች ሲያግዙ ውለው ሲሉ።
ከሁሉ ዘግይቶ፣ ከሁሉ የጎመራውን፣
እንደ ሽማግሌ አንገት የተጨማደደውን፣
አንዷን ዛላ መርጣ በቀይ ክር ታስራለች፤
‹ይቺን የበላ ልጅ እኔን በላ› ትላለች።
ኋላም ሆዷን ቀድዳ፣ ፍሬውን አራግፋ፣
በሸክላ ሳህን ላይ፣ በጥላ አነጥፋ፣
(ወረቀት ላይ አይሆንም፣ ተጣብቆ ይቀራል፤
ፀሐይ ላይም አይሆንም፣ ነፍሱን ያሳርራል፤)
ሁለት ሳምንት ቆይታ፣ አንዷን ፍሬ ነክሳ፣
‹ቀጭ!› ካለች ብቻ ነው ፖስታ የምታነሣ።

አንድ ነገር ግን ነበር ያላስተዋልሁት፦
በሰኔ፣ አበባው ሳይፈታ፣ በማለዳ ተነሥታ ጠዋት፣
ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋቻትን ከረጢት
ለምን እንደምታለብሰው፣ ግንዱ ላይ የምታስራት።
‹ለብርዱ ነው› ብዬ ነበር። ‹ለጌጥ ነው› ብዬ ነበር።
የማያውቅ ሰው አፉ መች ያጣል ነገር።

እሷ በሄደች ዓመት እኔው ተከልሁ፤
ክሩን አሰርሁ፣ ሳህኑን አጠብሁ፤
ፍሬው ‹ቀጭ› አለልኝ፤ ፖስታው ላይም ጻፍሁ
‹ቦርባላ የሌለችበት›።
ሌላ የምጽፈው አጣሁ።

በዚያው በጋ ኤቴልካ፣ አጥር የምትጋራኝ፣
(ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሾርባ ትልክልኛለች ሲያመኝ፤)
አማቿ ከሰርቢያ በኪሱ ያመጣትን፣
ጣት የማታህለውን፣ ምላስ የምትጠብሰውን
ተክላለች። ንብ ደግሞ አጥር መች ታውቅና፣
ከዚያ እግሯን ነክራ ወደኔ ዞረችና…

የዚያን ዓመት ዛላ ጣፋጭ ነበር። በላን።
በርበሬ እንዲህ ነው፣ ቶሎ አያወጣም ጉዱን፤
ሥጋው የእናቱ ነው፤ አባቱን ማን ያየዋል?
ከፍሬው ውስጥ ተኝቶ፣ ከርሞ ይናገራል።

ከርሞ፣ የነሐሴ እሑድ፣ ልጄ ኪንጋ መጣች፤
ከቡዳፔስት ደክማ፣ ‹የእማዬን ዓይነት አብላኝ› አለች።
ሩዝና ሥጋ አጭቄ፣ በእሷው ድስት ቀቅዬ፣
ቀድሜ ጎረስሁ፣ ‹ሙያ እይ እንግዲህ› ብዬ፤
አቤት!
ምላሴ ተላጠ። ጆሮዬ ጮኸብኝ።
ዓይኔ እንደ ቲሳ ግድብ ተንዶ ወረደብኝ።
ኪንጋ ማንኪያ ጥላ አንገቴን አቀፈች፤
‹አልቅስ አባዬ፣ ይውጣልህ› እያለች አለቀሰች።
በቀብሩ ቀን ደረቅ ዓይን ይዤ ስለቆምሁ
መንደሩ ያማኝ ነበር፤ እሷም ጭምር፣ አውቃለሁ።
‹በርበሬው ነው› ልላት አፌን ከፈትሁና
ዘጋሁት፤ በርበሬው ብቻ አልነበረምና።
ቆይታ እሷም ቀመሰች። ከዚያማ ሁለታችን
ውኃ ስንሻማ በሳቅ ፈረሰ ሆዳችን።

ማታ፣ ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከፖስታዎቹ በታች፣
ያቺ የመጋረጃ ከረጢት ተጣጥፋ ተገኘች።
ገባኝ። አርባ ዓመት ከበር የቆመ ዓይን
ያያል እንጂ አያውቅም ለካ የሚያየውን።

በመጋቢት፣ አምስት ዓመት የሞላትን ፖስታ
ከፈትሁ፤ ‹ጌሌርት የሚያስልበት፣ ማታ ማታ›።
አሥራ ሁለት ፍሬ። ሦስቱ በቀሉ። መስኮት ላይ ናቸው።
ከቀረው መጋረጃ ከረጢት ጨምሬ ሰፋሁላቸው፤
ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ንብ ግን አያስገባም።

የዚያንም የእሳቱን ዘር አውጥቼ አልጣልሁም።
ከአጥሩ ጥግ፣ ለብቻው፣ መደብ አበጀሁለት፤
ፖስታው ላይም በእጄ እንዲህ ጻፍሁበት፦
‹ኤቴልካ የገባችበት።
ኪንጋ የሳቀችበት›።